ከሰማችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

«በርቱ።» «በርቱልን።» «ጎበዞች፣ ቀጥሉበት።» አንዱ ደግሞ የተጋጠሙ ሁለት እጆች ብቻ ላከ። በቴሌግራም ገጻችን ላይ «ፕሮግራማችንን እንድናሻሽል አስተያየታችሁን ስጡን» ብዬ ከለጠፍኩ ሳምንት ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ የመጣው ሁሉ ይኸው ነው። ምርቃት ነው እንጂ አስተያየት አይደለም።

አብሮኝ የሚያዘጋጀው ይበልጣል ደስ ብሎታል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብሎ መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። ሰው ከወደደው ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ላስረዳው አልቻልኩም። እዚህ ልሞክር፦

እስከ መጨረሻው የሚሰማን ማን ነው?
ይበልጣል የአንድ ቀፎ ንቦችን «ህብረ ንብ» ሲል ገበሬው ይገባዋል?
የእኔ ሳቅ ያስጠላል? (እኔን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ያስጠላኛል።)
ለመሆኑ የነገርነውን አንድ ሰው እንኳ ሠርቶበታል?

ፖድካስት የሚለውን ቃል እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «የንቦቹ ሬዲዮ» ነው የሚሉን። ለእኔም ለይበልጣልም እንጀራችን አይደለም፤ ንብ ስለምንወድ ብቻ ነው። እሱ የባዮሎጂ መምህር ነው፣ ጓሮው ውስጥ አራት ቀፎ አለው። እኔ ከኩዌት ከተመለስኩ ወዲህ ጋፋት፣ አባቴ ቤት፣ ሁለት ቀፎ ይዣለሁ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ንብ የሚያረባ ሰው ጋብዘን በስልክ እንቀዳለን። ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ አሳምሬ የማወጣው እኔ ነኝ።

ኩዌት ሳለሁ ሰባት ዓመት ሙሉ ልብስ የተኮስኩት በጆሮዬ የሰው ጨዋታ እየሰማሁ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን ያሉኝን ሁሉ አምናቸው ነበር። ለዚህ ይሆናል «በርቱ» ያልበቃኝ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይበልጣል ስምንት ጥያቄ ጽፎ መጣ። ከእያንዳንዱ ሥር «በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» ይላል። የፈተና ወረቀት ነው የሚመስለው፤ እንዲያም ሆኖ አተምኩት።

ቤት ስገባ ለአባባ አነበብኩላቸው። ጥያቄ በተነበበ ቁጥር «ጥሩ ነው»፣ «ጥሩ ነው» እያሉ ስምንቱንም ጨረሱ። ከዚያ ሳቁ።

«ወደድሽኝ ወይ ተብላ ፊት ለፊት የተጠየቀች ሴት ምን ትላለች?» አሉኝ።

ታዲያ ምን ልጠይቃቸው አልኳቸው።

«ምን እንዳደረጉ ጠይቂያቸው። ሰው ስለ ልቡ ይዋሻል፤ ስለ እጁ ግን ብዙም አይዋሽም።»

ስምንቱንም ጥያቄ ሰረዝኩና አንድ ብቻ ጻፍኩ፦ ከሰማችሁ በኋላ ምን አደረጋችሁ? ለይበልጣል ደውዬ ስነግረው ከፋው። «ስምንቱም?» አለኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አቦ ነው። ለነገ ከሱቁ ባለቤት ፈቃድ አገኘሁ። ሐሙሲት ልሄድ ነው። እዚያ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ ኢንተርኔት ለሌለው ገበሬ የእኛን ድምፅ በሚሞሪ እየጫነ ይሰጣል። ገበያ ቀን ከደጃፉ ብቀመጥ ሰሚዎቻችንን በዓይኔ አገኛቸዋለሁ። ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም፣ ግን ፈርቻለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

በጠዋቱ ሚኒባስ ወጥቼ ወረታ ላይ ቀየርኩ። የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ የምቀመጥበት ዱካ ሰጠኝና ለመጣው ሰው ሁሉ «የንቦቹ ሬዲዮ ሴትዮ እሷ ናት» ይል ጀመር። አንዷ ቆም ብላ «አንች ነሽ የምትስቂው?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። ሌላ ምንም ሳትል ሄደች።

ደብተሬ ላይ የሰፈረው፦

አንድ ጎልማሳ ቀፎውን ከመሬት አንስቶ በእንጨት እግር ላይ አቁሟል፣ ጉንዳን ቀርቶለታል። (ዘልዬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።)
ሁለት ወንድማማቾች ንብ የላቸውም፣ ምንም አላደረጉም። መንገድ ያሳጥርልናል ነው ያሉት።
ጠላ የምትሸጥ ሴት፣ ሰላምታችሁ በዛ፣ ንቡ እስኪደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል አለች።
«ህብረ ንብ» ምን እንደሆነ ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የግብርና ባለሙያ ሆኖ ተገኘ።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀትር ላይ አንዲት ሃምሳን ያለፉ ሴት ባዶ አገልግላቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩ። ወይዘሮ አንጓች ይባላሉ። ተነስቼ አንቱስ እናቴ፣ ሰምተው ምን አደረጉ አልኳቸው።

«ያላችሁትን አደረግሁ» አሉኝ። «ንቦቼም አለቁ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ዱካዬን ለቀቅኩላቸውና ተቀምጠው ነገሩኝ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ቀፎ ይዘው ነበር። ክረምት ላይ ንብ ይራባል፣ ስኳር በጥብጣችሁ ስጡት ያልነውን አክርማ እየሰፉ ሰሙ። በጥብጠው በሳህን አደረጉና በጠራራ ቀን ከቀፎዎቹ አፍ ሥር አኖሩት። የጎረቤታቸው የአያ ፈንቴ ንቦች ሽታውን ተከትለው መጡ። ሳህኑን ሲጨርሱ ወደ ቀፎዎቹ ገቡ። ሁለት ቀን ሙሉ ንብ ከንብ ተፋጀ። የአንዱ ቀፎ አለቀ፣ የሌላው ኮበለለ። እሳቸውም አያ ፈንቴን ንብህን ሰደድህብኝ ብለው በሰው ፊት ሰደቡት። ከነሐሴ ወዲህ እሳት አይጫጫሩም፤ አጥር ለአጥር ሆነው ሰላምታ የለም።

ሲነሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ክፉ ሰው አትመስይም፣ አውቃችሁም አላደረጋችሁት። ግን ምነው ሁሉን ሳትነግሩን?»

ይቅርታ ማለቴን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ወደ መንደራቸው የሚወስደውን መንገድ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው አልጠየቅኩም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ስኳር የሚሰጠው ጀምበር ስትጠልቅ፣ ከቀፎው ውስጥ ተደርጎ፣ ሳይንጠባጠብ ነው። ይህንን ይበልጣል በሕልሙም ያውቀዋል። ዛሬ የሴትዮዋን ነገር ስነግረው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አለ። «ተማሪ ፈተና ላይ ቢረሳው ዜሮ ነበር የምሰጠው።»

እኔም ረስቶት ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ያንን የሐምሌ ቅጂ፣ ያልተነካውን፣ ከአሮጌው ስልኬ ፈልጌ አዳመጥኩት።

አልረሳም። ጥርት አድርጎ ነው የተናገረው፦ «ይህ ግን ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ቀን ከሰጣችሁት የሰው ንብ ትጠራላችሁ።» እሱ ሲናገር ከቤቱ ጀርባ ያለው ወፍጮ ይነሳል፣ ድምፁ ጆሮ ይበላል። ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ወፍጮውን ብቻ ነበር የሰማሁት፤ ከሥሩ ያለውን ቃል አልሰማሁም። ሲወጣ ፕሮግራሙ አጠር፣ ጠራ ያለ ነበር። ያኔ እንዴት አማረ ብዬ ነበር።

ለይበልጣል አልደወልኩለትም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ይበልጣል የይቅርታ ጽሑፍ ላከልኝ። በሚቀጥለው ፕሮግራም መግቢያ ላይ ራሱ ሊያነበው ነው። «እኔ መምህር ሆኜ ዋናውን ነገር ሳልናገር በመቅረቴ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ደርሶኛል» ብዬ ብቻ መለስኩ።

ደርሶኛል!

ቀኑን ሙሉ ለራሴ ሰበብ ስቆጥር ዋልኩ። እሱም የተቆረጠውን ሰምቶ አጽድቆ ነበር። ሴትዮዋም ጎረቤት መጠየቅ ይችሉ ነበር። ወፍጮውም ሌላ ቀን መነሳት ይችል ነበር።

ኩዌት ዕቃ ሲጠፋ፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ነበር። ሳልጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ማለት ለመድኩ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነበር። አሁን እዚህ ማንም ጣት አልቀሰረብኝ፤ ጭራሽ ሌላ ሰው ጥፋቱን ተሸክሞልኛል። አፌ ግን የድሮ ልማዱን አልተወም።

ሴትዮዋ «ሁሉን» ያሉት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።


እሁድ፣ ጥቅምት 9

ነገርኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀፎዎቼን እንድናይ ብዬ ወደ ጋፋት ይዤው ወረድኩ። መንገዱን ግራና ቀኝ የአደይና የመጭ አበባ ሞልቶታል፤ ንቡ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ይበልጣል ስለ ሴትዮዋ ያወራል። ካሳ የሚሆን ነገር ቢገኝ፣ ሄደን ብናያቸው ይላል። መሀል ላይ አቁሜው፣ አንተ ተናግረኸው ነበር፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኩት።

አሰሚኝ አለ። ስልኬን ሰጠሁት። መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ሰማው። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ነፃ ወጥቷል እኮ። ደስ አላለውም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዓርብ።»

«ትናንት ጽሑፌን ስልክልሽ ታውቂ ነበር?»

አዎ አልኩት። ስልኬን መለሰልኝና፣ «ሌላስ ስንት ቆርጠሻል?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቀውም። ቀፎዎቹን ሳያይ ወደ ከተማ ተመለሰ። አባባ መምህሩ የት ቀረ ሲሉኝ ሥራ አለበት አልኳቸው። ይኸው ሌላ ውሸት።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሱቁ ሰው ሲያንስበት፣ የድሮ ቅጂዎቻችንን ሁሉ ካወጣናቸው ጋር እያስተያየሁ ሰማሁ። ደብተሩን ለሁለት ከፍዬ በአንድ ወገን የተባለውን፣ በሌላው የቆረጥኩትን ጻፍኩ። አብዛኛው ሳል፣ «እንትን»፣ የሚኒባስ ጥሩምባ ነው። ሁለት ቦታ ግን ደነገጥኩ። አንደኛው፣ አንድ እንግዳችን ማር ሲቆረጥ ለንቡ ስለሚተርፈው ድርሻ የተናገረው ነው፤ ድርሻውን ቆርጬ ቆረጣውን ብቻ አሰምቻለሁ። ሁለተኛው፣ ጸረ ተባይ የተረጨ ማሳ አጠገብ ቀፎ እንዳይኖር የተባለው ነው፤ ሰውየው ሲናገር ስለተንተባተበ ቆርጬዋለሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። ብዙ ጊዜ የምቆርጠው «ግን» ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን ነው። ሰው «ግን» ሲል ንግግሩ ይጎተታል፣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ጨዋታ እወዳለሁ።

የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለይበልጣል ላክሁለት። ከሥሩ፦ «ስንት ላልከኝ፣ ይኸው። ነገ ወይዘሮ አንጓች ዘንድ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ።» አየው። አልመለሰም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ስለሆነ ከቤታቸው አላጣቸውም ብዬ በጠዋት ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ ይበልጣል ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጧል። ክፍለ ጊዜውን ለባልደረባው ሰጥቶ ነው የመጣው። ደህና አደርሽ አለኝ እንጂ እስከ ወረታ ሌላ ቃል አልወጣውም። ከወረታ በኋላ፣ ማሳ አጠገብ ያልሽው አሳስቦኛል፣ እሱን አስቀድመን እናርም አለ። «እናርም» ማለቱን ልብ አልኩ።

ከሐሙሲት በእግር አንድ ሰዓት። ወይዘሮ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን፤ ጽጌን ስለሚጾሙ ያለ ቁርስ አገኘናቸው፣ ለእኛ ግን ዳቦ ቆረሱ። ባዶዎቹን ቀፎዎች አሳዩን። አንዱ ውስጥ የደረቀ ሰም ብቻ አለ፣ የሸረሪት ድር አጥሮታል።

እንዳሰብኩት አላማረልኝም፤ ተንተባተብኩ። እሱ ተናግሮት ነበር፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ድምፅ እንዴት ይቆረጣል አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አሰማኋቸው፦ መጀመሪያ ያወጣነውን፣ ቀጥሎ ያልተነካውን። ስልኩን ከጆሯቸው አጣብቀው ሰሙ። ወፍጮው ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ለወፍጮ ብለሽ?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ይበልጣልም አልተናገረልኝም፤ መናገርም አልነበረበትም።

ወደ አጥሩ ማዶ አዩ። የአያ ፈንቴ ቀፎዎች ከቅጠሉ መሀል ይታያሉ። «እንግዲያ እኔም ሰውየውን በከንቱ ነው የሰደብሁት» አሉ። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

ይበልጣል፣ እርስዎ አልጠሩም፣ እኛ ነን ያስጠራንዎት አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ እኛ ልንጠይቃቸው የፈራነውን ራሳቸው አነሱት። የሆነውን በሬዲዮናችሁ እኔ ልናገረው አሉ። አያ ፈንቴ ስልኩን ከፍ አድርጎ ነው የሚሰማው፣ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ይሰማኛል። «ደጁ ቆሜ ይቅር በለኝ ከምለው ይህ ይቀለኛል» አሉ። ቀዳናቸው። ስለ ባላቸው፣ ስለ ቀፎዎቹ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ሁለቱ ቀን የንብ ጦርነት ተናገሩ። ስድቡንም አልዘለሉትም። ይበልጣል ስኳር እንዴት እንደሚሰጥ እዚያው ከቀፎው አጠገብ ቆሞ ዳግመኛ አስረዳ፤ እሳቸው እየመለሱ ጠየቁት። አንዴም አልሳቅኩም።

ስንመለስ ይበልጣል ከጎኔ ተቀመጠ። የታረቅን አይመስለኝም። አልተለያየንም ግን።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ከሰዓት ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ይበልጣል አጠገቤ ተቀምጦ አብረን ሰማነው፤ ከእንግዲህ ማናችንም ብቻችንን አንቆርጥም ተባብለናል። ሰላምታው አጥሯል። «ህብረ ንብ» ቀርቶ «የንብ ቤተሰብ» ሆኗል። መጀመሪያ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው፦ በሐምሌው ፕሮግራም ላይ ዋናውን ቃል ቆርጬ የጣልኩት እኔ ትርንጎ ነኝ እላለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ልድገመው ብል ይበልጣል እንቢ አለ። የማሳውንና የማሩን ድርሻም አርመናል።

መጨረሻ ላይ ያቺኑ አንዲት ጥያቄ ጠየቅን።

እስካሁን የመጣው፦

አንዱ፣ እናንተን አምኖ ቀፎ የገዛ ሰው አለ፣ እንዲህ አይቀለድም ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው።
አንዲት ሴት ከጉና ሥር፣ እሷም ቀን ላይ ሰጥታ እንደነበር ጻፈች። ብርዱ ነው ንቦቼን የፈጀ ብላ ነበር።
ሌላው፣ የአባቱ ቀፎ ከስንዴ ማሳ ዳር ስለሆነ ዛሬውኑ ሊያነሳው ሄዷል።
«በርቱ» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ለይበልጣል አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ፣ ይህኛው ስሙን ጽፏል፣ ደውለን እናናግረው አለኝ። ደወልን። ሰውየው ሩብ ሰዓት ተቆጣን። እኔ ጻፍኩ።


እሁድ፣ ጥቅምት 16

ከቅዳሴ እንደወጣሁ ወይዘሮ አንጓች ደወሉ። የስልካቸው ካርድ እንዳያልቅ መልሼ ደወልኩላቸው።

አያ ፈንቴ ዓርብ ማታውኑ ከቴሌግራም ገጻችን ሰምቷል። ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል ሳያልፍ በዋናው በር ዞሮ መጣ። ስለ ስድቡ አንድም ቃል አላነሳም፤ እሳቸውም አላነሱም። ዋንዛው ላይ አዲስ መንጋ ሰፍሮልኛል፣ የሚያድርበት ቀፎ የለኝም፣ ያንችን አጽጅው ነው ያለው። ቀፎ እንደማይቸግረው ሁለቱም ያውቃሉ። ድሩን ጠርገው፣ በወይራ አጥነው ጠበቁት። አመሻሽ ላይ መንጋውን በጆንያ ይዞ መጣና አብረው አስገቡት። እስኪመሽ ድረስ በሁለት ጉቶ ላይ ተቀምጠው የቀፎውን አፍ ሲያዩ ቆዩ። ምን ተጨዋወታችሁ ብላቸው ምንም አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ጆሯቸውን ቢያስጠጉ ድምፅ አለ። ከወዲህ ወዲያ የሚሉም አሉ። ግን ይውጡ ይቆዩ አያውቁም። «መቆየታቸው በምን ይታወቃል?» አሉኝ።

የማውቅ መሰለኝ፣ ልመልስም አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ይቆዩኝ፣ መምህሩን ጠይቄ ልደውልልዎ አልኩ።

ይበልጣልን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። እሱም ወዲያው አልመለሰም፤ መጽሐፉን አወጣ፣ ለአንድ ሽማግሌ ንብ አርቢ ደወለ። እየጠበቅኩ ጓሮው ውስጥ ቀፎዎቹን አየሁለት። ከውስጥ ጠራኝና ያለኝን ጻፍኩ፣ መልሼም አነበብኩለት። አንድ ቃል አስተካከለ።

ለወይዘሮ አንጓች እንዲህ አልኳቸው፦ ንቦቹ በእግራቸው ቢጫ ዱቄት ይዘው ሲገቡ ካዩ ቤት እየሠሩ ነው፣ ደህና ምልክት ነው። ግን እሱም ቢሆን እርግጥ አይደለም፤ ከዚያ በኋላም የሚወጣ መንጋ አለ። እስከዚያ ቀፎውን አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት። አሁን ሜዳው አበባ ስለሆነ ስኳር አያስፈልጋቸውም።

ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። «ዛሬ ገና ዱቄት የያዘ አላየሁም» አሉ። «አሁን ሄጄ ልይ።»

ስልኩን ሳይዘጉት ሄዱ መሰለኝ፤ የእግራቸው ኮቴ ሲርቅ ይሰማኛል። እስኪመለሱ ያዝኩት።